ሳንጠይቅ ያነሣነው ፎቶ



ሰኞ የአገልጋይ ዕረፍት ነው ይባላል። እሑድ ሲሰብክ፣ ሲያማክርና ሲሸመግል የዋለ ሰው ሰኞን ቢተኛባት የሚቀየመው የለም። እኛ ቤት ግን ሰኞ ስልክ የሚበዛበት ቀን ነው። ባለፈው ሰኞ፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ እኔና ባለቤቴ የስልኩን ድምፅ አጥፍተን፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘን፣ ከስድስት ኪሎ በሚኒባስ ሽሮ ሜዳ ደረስንና ወደ እንጦጦ ሽቅብ በእግራችን መውጣት ጀመርን። ሐኪም "በእግር ተራመዱ" ካለን ሁለት ዓመት አልፎናል። ያንን ምክር የምንፈጽመው በዓመት አራት አምስት ጊዜ ብቻ መሆኑን ለሐኪሙ አትንገሩብን።

የክረምት መጨረሻ እንጦጦ ላይ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። መሬቱ ጠግቧል፤ ከዚህ በላይ ውኃ አልቀበልም ብሎ በየቦዩ ይመልሰዋል። ባሕር ዛፉ ታጥቦ ሽታው ይጣራል። ደመናው ከተማውን ከድኖት ይቆይና ድንገት በአንድ በኩል ይቀደዳል፤ ያኔ አዲስ አበባ ቆርቆሮዋ እያበራ ከታች ብቅ ትላለች። ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ። በመንገዱ ዳር፣ ማንም ሳይተክላትና ሳይኮተኩታት፣ አደይ አበባ ብቅ ብቅ ብላለች። ገና አልተንጣለለችም፤ አንድ እዚህ፣ ሦስት እዚያ። ሜዳውን የምትሞላው መስከረም ሲጠባ ነው። በእግሯ ሥር ወይን ጠጅ መልክ ያለው ማገጥ ተነጥፏል።

እኛ ፎቶ ማንሣት እንወዳለን። ጥሩ ካሜራ የለንም፤ ልጃችን ሲቀይር የተወልን ስልክ ነው። በየአበባው ሥር ስንቆም መንገዱ አልገፋ አለ። ባለቤቴ "በዚህ አካሄድ እንጦጦ የምንደርሰው ለመስቀል ነው" አለችና ጃንጥላውን ይዛ ቀደመች። አንዷን አደይ ከታች ወደ ላይ፣ ደመናውን ከኋላዋ አድርገን፣ ሰባት ጊዜ አነሣናት። ሰባቱም ላይ ነፋሱ አወዛውዟት ደብዝዛለች። ይህን የምንነግራችሁ ቀኑ ምን ያህል ተራ ቀን እንደነበር እንድታውቁልን ነው። ራእይም ድምፅም አልነበረም። እግራችን ጭቃ ነበር።

ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። ጳጉሜን 3 በኦርቶዶክሳውያን ወገኖቻችን ዘንድ የሩፋኤል ቀን ነው፤ የዚያን ቀን ዝናብ የተባረከ ነው ስለሚባል ልጆች እየጮኹ ይታጠቡበታል። ከአንድ ግቢ አምስት ስድስት ሕፃናት ራቁታቸውን ወጥተው በአሸንዳው ሥር መዝለል ጀመሩ። ሳቃቸው ከዝናቡ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር። ስልኩን ወዲያው አነሣነው። ባለቤቴ ክንዴን ያዘችና "ተው፣ የሰው ልጆች ናቸው" አለች። ከበሩ ላይ የቆመች አንዲት እናት ታየን ነበር፤ አልተናገረችም፤ አስተያየቷ ግን በቂ ነበር። ስልኩን ኪስ ውስጥ ከትተን ወደ ሽሮ ሜዳ ሮጥንና የመጀመሪያው ሻይ ቤት በረንዳ ሥር ገባን።

እዚያ በረንዳ ላይ፣ በጉልበቱ ላይ ደብተር ዘርግቶ፣ ፓስቲ እየገመጠ ሒሳብ የሚደምር ሰው ነበር። ቀና ሲል ተያየን።

ይህን ወዳጃችንን ስሙን አንጠራም፤ ከዚህ በታች የምታነቡት ለምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ እንተዋወቃለን። በሥነ መለኮት ኮሌጅ ከጸሐፊው ጋር አንድ ዶርም ውስጥ፣ በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ኖሯል፤ እርሱ ከላይ። ግሪክኛን ያለፍነው በእርሱ ትከሻ ነው። ሰርጋችን ላይ ቆሟል፤ ለልጁ ስም ስንፈልግ አብረን ጾመናል። በአጥቢያችንም ለዓመታት አብሮን አስተምሯል። ከዚያ ጠፋ። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ስልኩን አንድ ሁለቴ ሞክረን አላነሣም ነበር፤ ከዚያ በኋላ እኛም ተውነው። ስሙን በጸሎት ርዕሳችን ውስጥ አስገብተን "ቀዝቅዟል፣ ጌታ ይመልሰው" እያልን ስንጸልይለት ቆየን። ሰውን ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ጠፍቷል ብሎ መጸለይ እንዴት ቀላል እንደሆነ መጋቢዎች ሁሉ ያውቁታል።

ተነሥቶ አቀፈን። እርጥብ ነበርን፤ እርሱ ግድ አላለውም። "አንተ ሰው! እስከዛሬ በእግር መሄድ ተማርክ?" አለ። ለባለቤቴ ወንበሩን ለቀቀላት። ሻይ ታዘዘ። ከበረንዳው ጎን ከሰል ላይ በቆሎ የምትጠብስ ልጅ ነበረች፤ ሦስት እሸት አስመጣልን፤ ሒሳቡን እንድንከፍል አልፈቀደም። አሁን እዚያው ሽሮ ሜዳ በሐበሻ ልብስ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ይይዛል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ሥራው ይበዛል፤ ሰዉ ሁሉ ጥለቱን እየመረጠ ቀሚስ ይገዛል።

ስለ ልጁ ጠየቅነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስዳ ውጤት እየጠበቀች ነው። "ትልቅ ሰው ሆናለች" አለ። "ወደ ቤተ ክርስቲያንስ?" አልነው። ዝም ብሎ ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ሟሙቶ ካለቀ በኋላም ያማስል ነበር።

"እውነቱን ልንገራችሁ?" አለ። "እኔ ተቀይሜ አይደለም የቀረሁት። ልጄን ብቻዋን ትቼ መምጣት አቅቶኝ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ወዳጃችን በጀርባ ሕመም ምክንያት ከማስተማር ሥራው ከወጣ ወራት አልፎት ነበር። አጥቢያችን በዚያ ጳጉሜን እንደ ልማዱ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የበዓል መዋያ አዘጋጀ፤ ለእያንዳንዱ 5 ሊትር ዘይትና 10 ኪሎ ዱቄት። የዲያቆናት ክፍሉ የእርሱንም ስም በዝርዝሩ ውስጥ ሲያመጣ ደስ አለን። "ወንድማችንን አልረሳነውም" ብለን ተመሰጋገንን። በዕለቱ በአዳራሹ ፊት ባነር ተሰቀለ፤ የአጥቢያው ስም በትልቁ ተጽፏል። ተራ በተራ እየተጠሩ መጡ። መጋቢው ዘይቱን በአንድ እጁ ይዞ ይሰጣል፤ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ሁለቱም ወደ ካሜራው ያያሉ። የካሜራው ባለቤት አገልጋይ "ወደዚህ፣ ፈገግ በሉ" ይላል። ወዳጃችን ፈገግ አለ። መጋቢው የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ ነው። ዝርዝሩን በእጇ ይዛ ስሙን የጠራችው ደግሞ ባለቤቱ ናት። ስለዚህ "እኛ" ስንል ቃሉን ለማለሳለስ አይደለም፤ በእርግጥ ሁለታችንም ነበርን።

ፎቶዎቹ በዚያው ምሽት በአጥቢያችን የፌስቡክ ገጽ ላይ ወጡ። ብዙ ላይክ አገኙ። "ተባረኩ"፣ "ይህ ነው እውነተኛ ወንጌል" የሚል አስተያየት ተደረደረ። እኛም ደስ ብሎን ተኛን።

ትምህርት ሲከፈት አሥረኛ ክፍል የገባችው ልጁ የክፍል ጓደኛዋ ስልክ ላይ አባቷን አየችው። ጓደኛዋ ክፉ አልነበረችም፤ "ይሄ አባትሽ አይደል?" ብቻ ነው ያለቻት። ልጅቱ ያን ቀን ቤት ስትገባ የዱቄቱን ከረጢት በር ላይ አውጥታ አስቀመጠችው። ከዚያ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ አልበላም አለች። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቷ ሥራ ማጣቱን ለጓደኞቿ አልነገረችም ነበር። ያ የቤታቸው ገመና ነበር። እኛ ፌስቡክ ላይ ለጠፍነው።

ባለቤቴ አለቀሰች። ጸሐፊው እንደ ወንድ ወግ ራሱን ለመከላከል ሞከረ። "ፈቃድህን ጠይቀንህ አልነበረም እንዴ?" አልነው። ልጆቹ ሁልጊዜ ይጠይቃሉ፤ "ችግር የለውም አይደል?" ይላሉ።

"ጠይቃችሁ ሊሆን ይችላል፤ አላስታውስም" አለ። "ግን ዘይቱን ይዤ ቆሜ፣ እንዴት አይሆንም እላለሁ? አይሆንም ብል ዘይቱን ትወስዱብኝ ነበር? አትወስዱም። ያን ጊዜ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ነበር። ጥቂት ዝም አልን። ከዚያ እንደ ድሮው፣ እንደ ዶርሙ ጊዜ፣ ፈገግ ብሎ "የማቴዎስ ስድስት ቁጥር አንድን ግሪክ ታስታውሰዋለህ?" አለ። አላስታወስንም። በሰዎች ዘንድ ለመታየት ብላችሁ ጽድቃችሁን አታድርጉ በሚለው አሳብ ውስጥ ያለው የመታየት ቃል "ቴአትር" ከምንለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። በቀጣዩ ቁጥር "ግብዝ" ተብሎ የተተረጎመውም በጥንቱ ግሪክኛ በመድረክ ላይ ጭንብል አጥልቆ የሚጫወት ተዋናይ ነው። "ጌታ ቴአትር አትሥሩ ነው የሚለን" አለ። "እኔም በዚያ ቀን ተውኛለሁ። ፈገግ በል ስትሉኝ ፈገግ አልኩ።" አያይዞም "አማርኛችን ደግሞ ደስ ይላል። ፎቶ ስትወስዱ 'አነሣነው' ትላላችሁ። አነሣችሁኝ። እኔ ግን ወደቅሁ" አለና ሳቀ። እኛ መሳቅ አቃተን። ይቅርታ ጠየቅነው። "ይቅርታውን ድሮ ሰጥቻችኋለሁ፤ ለእርሷ ግን እኔ ልሰጥላት አልችልም" አለ።

ወገኖች፣ ይህን የምንጽፈው ነገ ሳይሆን ዛሬ የሆነበት ምክንያት አለ። ጳጉሜን የማዕድ ማጋራት ወቅት ነው። በዚህ ሳምንት በከተማችን አዳራሾች ዘይት፣ ዱቄትና እንቁላል ይታደላል፤ እሰየው፣ ይታደል። ነገር ግን ከዘይቱ ፊት ካሜራ ይቆማል። እኛ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋማችንን በግልጽ እንናገራለን፤ የተቀባዩን ፊት ማንሣት ይቁም። ይቀነስ ወይም በጥንቃቄ ይሁን አላልንም። ይቁም።

እንደምትመልሱልን እናውቃለን፤ እኛም ያንኑ ስንመልስ ኖረናልና።

"በማቴዎስ አምስት ላይ ብርሃናችሁ ይታይ ተብሎ የለም ወይ?" ትሉናላችሁ። አለ። ያ ቃልና ይህኛው በአንድ ስብከት ውስጥ ከአንድ አፍ የወጡ ናቸው። በአምስተኛው ምዕራፍ መልካሙን ሥራ ያየ ሰው በሰማይ ያለውን አባት ያከብራል። በስድስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ሰጪው ራሱ ይከበራል፤ ዋጋውንም እዚያው ተቀብሎ ይጨርሳል። የእኛ ፎቶ ከየትኛው ነው? ከፎቶው ሥር የተጻፉትን አስተያየቶች መልሳችሁ አንብቡ። ለማን ምስጋና እንደቀረበ ቁጠሩ። እኛ ሰኞ ማታ ቆጥረናል፤ ውጤቱን አንነግራችሁም፤ ያሳፍራል። ከዚያም በላይ፣ በእነዚያ ፎቶዎች ላይ መብራቱ የበራው በእኛ መልካም ሥራ ላይ አልነበረም። በወንድማችን ጉድለት ላይ ነበር።

"ለጋሾች ማስረጃ ይጠይቃሉ" ትላላችሁ። ይህ ከባዱ ነው፤ ቀልድ አይደለም። ገንዘብ የሰጠ ሰው የት እንደደረሰ የማወቅ መብት አለው። አገልጋዮችም ስንባል ሁላችን መላእክት አይደለንም፤ ዘይት መንገድ ላይ እንደሚጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ይህ ጥያቄ አልገጠማትም ብላችሁ ታስባላችሁ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 መበለቶች በዕለት ዕርዳታ ተዘነጉ ተብሎ ማጉረምረም ተነሣ። መፍትሔው መልካም ምስክርነት ያላቸውን ሰባት ሰዎች መሾም ነበር። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን ያሰባሰበውን ገንዘብ በተመለከተ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ማንም እንዳይነቅፈው እጅግ ይጠነቀቃል፤ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም ንጹሕ መሆን ይፈልጋል። ስለዚህ የታመኑ ወንድሞች አብረውት እንዲሄዱ ያደርጋል። ማስረጃው የታመኑ ሰዎች ናቸው። የድኾቹን ፊት ለመቄዶንያ ሰዎች ማሳየት አላስፈለገውም።

እኛም ዝርዝር መያዝ እንችላለን፤ ማስፈረም እንችላለን፤ ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ ከለጋሹ የተላከ ሰው አይተው ቃለ ጉባኤ ሊፈርሙ ይችላሉ። የግዢ ደረሰኝ አለ። የተደረደረውን ጀሪካን አንሡ፣ ከረጢቱን አንሡ፤ ጀሪካን ልጅ የለውም፤ ትምህርት ቤት አይሄድም። ገንዘብ ከሆነ በቴሌብር ይላክለት፤ ሰውየው ሱቅ ሄዶ እንደማንኛውም ሰው የሚፈልገውን ዘይት መርጦ ይግዛ። በርበሬ ቢያምረው በርበሬ ይግዛ እንጂ!

በሩት መጽሐፍ ምዕራፍ 2 ላይ ቦዔዝ ያደረገውን አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? በዘሌዋውያን 19 የእርሻው ዳርና ቃርሚያው ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። ቦዔዝ ሕጉን ብቻ ፈጽሞ መተኛት ይችል ነበር። እርሱ ግን አጫጆቹን ለብቻቸው ጠርቶ ከነዶው እያወቃችሁ ጣሉላት፣ አታሳፍሯትም አላቸው። ሩት ማታ ቤቷ የገባችው በላቧ የቃረመችውን ይዛ ነው። ለኑኃሚን ስታሳያት አንገቷን አልደፋችም። በዚያ እርሻ ላይ ባነር ቢሰቀል ኖሮ ይህ ታሪክ እንዴት ይነበብ እንደነበር አስቡት። ቦዔዝ መስጠቱን ብቻ ሳይሆን አሰጣጡንም አስቦበታል። የእኛ የበጎ አድራጎት ኮሚቴዎች ስለ ዘይቱ ዋጋ ሦስት ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ስለ አሰጣጡ ግን አንድ ጊዜም አንሰበሰብም። አሰጣጡን ለካሜራው ትተነዋል።

ሌላም የሚከነክነን ነገር አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ባለጠጎች ሲታመሙ ልንጠይቃቸው እንሄዳለን፤ አልጋቸው አጠገብ ፎቶ አንሥተን ገጻችን ላይ አንለጥፍም። ነጋዴ ወንድማችን ዕዳ ውስጥ ገብቶ ሽማግሌዎች ሲረዱት ጉዳዩ ከቢሮው በር አይወጣም። ይህ ትክክል ነው፤ መጋቢነት ይህ ነው። ታዲያ ምሥጢር መጠበቅ 5 ሊትር ዘይት ከሚያስፈልገው ሰው ላይ ሲደርስ ለምን ይቀራል? ያዕቆብ በምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በክብር ስፍራ፣ ድኻውን በእግር መረገጫ አጠገብ ስለሚያስቀምጡ ጉባኤዎች ተናግሯል። እኛ ድኻውን ወደ ፊት አምጥተነዋል እንላለን፤ ያመጣነው ግን ካሜራው ያለው ከፊት ስለሆነ ነው።

ወደ በረንዳው እንመለስ። ዝናቡ ሲያባራ ወዳጃችን ወደ ሥራው መመለስ ነበረበት። ልማድ ክፉ ነውና ስልኩን አውጥተን "አብረን አንድ ፎቶ…" ብለን ጀመርንና አፋችን ላይ ደረቀ። እርሱ ግን እጁን ዘረጋ። "እስቲ ስጠኝ" አለ። በቆሎ እንደያዝን፣ ፀጉራችን እንደረጠበ፣ ከኋላችን የተሰቀለው የሐበሻ ቀሚስ በነፋሱ እየተወዛወዘ፣ ስልኩን ወደ እኛ አዞረና ከማንሣቱ በፊት ቆመ።

"ላንሣችሁ?" አለ።

አዎ አልን። አነሣን፤ ስልኩንም መለሰልን። ያንን ፎቶ እስካሁን ለልጆቻችንም አላሳየንም። የአውራ ጣቱ ጥላ ጥጉ ላይ አለ።

ማታ ቤት ገብተን እግራችንን ታጥበን የግሪኩን አዲስ ኪዳን ከመደርደሪያ አወረድነው፤ አቧራ ነበረው። ሰባት ጊዜ አንሥተን ስላበላሸናት አደይ አስበን ነበርና እዚያው ምዕራፍ 6 ላይ ወደ ታች ወረድን። ጌታ ስለ ሜዳ አበቦች የተናገረው፣ ከሰሎሞን ልብስ የእነርሱ እንደሚያምር ያስተማረው፣ ለካ ስለ ምጽዋት ካስጠነቀቀበት ምዕራፍ ውስጥ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰብከንባቸዋል፤ ሁለቱን ግን አንድ ቀን ጎን ለጎን አላየናቸውም። አበቦቹን ተመልከቱ ሲል የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ዝም ብሎ ማየት አይደለም፤ በሚገባ መማር ነው፤ "ደቀ መዝሙር" ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር ሥራቸው አንድ ነው። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ምን ከሰው ዓይን እንደሚሰወር፣ ምን ደግሞ ቆም ተብሎ እንደሚታይ ነግሮናል። እኛ የሚሰወረውን ለሕዝብ አሳየን፤ የሚታየውን ደግሞ በሚኒባስ መስኮት አለፍነው።

ከዚያ የአጥቢያውን ገጽ ከፈትን። ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየሄድን የተቀባዮችን ፊት ያለበትን ፎቶ ሁሉ አጠፋን፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ቆየን። አንዳንዶቹ አሁን በሕይወት የሉም። ሌሎች ሰዎች ወስደው ያጋሩትን ማጥፋት አልቻልንም። ፎቶ ከለቀቁት በኋላ አይሰበሰብም።

ማክሰኞ ማታ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ታሪኩን ስም ሳንጠራ ነገርናቸው። የዘንድሮው ዕደላ ለጳጉሜን 5 ተይዟል፤ ባነሩ ታትሞ ደርሷል፤ ወጪ ወጥቶበታል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ በጣም የምናከብራቸው አባት፣ የሚረዳን ተቋም በውሉ ላይ የተቀባዮች ፎቶ እንደሚፈልግ አስታወሱን፤ "የአርባ ቤተሰብ እንጀራ በእናንተ ኅሊና ምክንያት ቢቋረጥስ?" አሉ። መልስ አልነበረን። እውነት ነው፤ ሊቋረጥ ይችላል። ተቋሙ በዝርዝርና በፊርማ እንዲቀበለን የሚጠይቅ ደብዳቤ እዚያው ጻፍን፤ ምላሹ ምን እንደሚሆን ገና አናውቅም። የዘንድሮውን ግን ዲያቆናቱ ሁለት ሁለት ሆነው ሲመሽ በየቤቱ እንዲያደርሱ በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ያ አባት ተቃውመው ድምፅ ሰጡ፤ ከዚያም የራሳቸውን መኪና ለማድረሻ እንደሚሰጡ ተናገሩ።

ለወዳጃችን ልጅ ደብዳቤ ጽፈናል። በእጅ፣ በወረቀት። አባቷ ሊሰጣት ተስማምቷል፤ ማንበብ አለማንበቡ የእርሷ ነው።

ባነሩ ቢሮው ጥግ ተጠቅልሎ ቆሟል። ጀርባው ነጭ ስለሆነ የሕፃናት አገልግሎት ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባ ሊሥሉበት ጠይቀዋል።